ልጆችን ቤት ስናስተምር ቤቱ እንዴት ይውላል? ከሐዋሳ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ወላጆች ብዙ አይደለንም። ስለዚህ ያገኘን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ። "መጽሐፉን ከየት አገኛችሁ?" የሚለው ቶሎ ይመለሳል። ጠያቂዎቹ የምር ማወቅ የሚፈልጉት ግን ሌላ ነው። ምሳው መቼ ይሠራል? እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ትንሹ እያለቀሰ ትልቋ እንዴት ታነባለች?

ልክ ናቸው። ቤት ማስተማርን የሚያቆመውም የሚጥለውም የቤቱ ውሎ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ ለሁላችንም አንድ ነው። እዚህ የምመልሰው ከራሴ ቤት ተነስቼ ነው። ባለቤቴ ቢሮ ይውላል፣ እኔ ቤት ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ። ሦስት ልጆች አሉን። ታላቋ አምስተኛ ክፍል ናት፣ መካከለኛው ሁለተኛ፣ ትንሹ ገና ፊደል ይቆጥራል።

በቀን ስንት ሰዓት ትማራላችሁ?

ሰው የሚገምተውን ያህል አይደለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ነው። ታላቋ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ትጨምራለች። በቃ።

"ይሄ እንዴት ይበቃል?" ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤት ያለውን አስቡት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም ይጠራል፣ ጫጫታው እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ይገለበጣል፣ ደብተር ይታረማል። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ደቂቃ በጣም ትንሽ ነው። የመምህሩ ጥፋት አይደለም፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ቤት ውስጥ ልጁ አጠገቤ ነው። ሲሳሳት እዚያው አየዋለሁ። ልቡን ሰጥቶ ሃያ ደቂቃ ከሠራ የዕለቱ ሒሳብ ያልቃል። መካከለኛውን ልጄን ከዚያ በላይ ባስቀምጠው ዓይኑ መስኮት ላይ ነው።

እንደተነሳን ደብተር አንከፍትም። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እንነሳለን። አልጋ ይነጠፋል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ቁርስ ይበላል። ሁሉም ፊቱን ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ነው የሚቀመጠው። ቀላል ነገር ይመስላል። ፒጃማ ለብሶ የሚማር ልጅ ግን ግማሽ ልቡ አልጋው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሒሳብ፣ ቀጥሎ አማርኛ ንባብ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ከባዱን ለጠዋት የምናደርገው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ነው። ቆርቆሮው ሲግል ልጅም እናትም ይዝላሉ።

በኮሮና ጊዜ ሞክረነው አልሆነልንም። አሁን ምን ይለየዋል?

ብዙ ነገር። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማንም አልተዘጋጀም ነበር። ትምህርቱ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይመጣል፣ ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር አይጫወትም፣ ወላጁ ራሱ ፈርቷል። ያ የጭንቅ ጊዜ ነበር። ራሳችሁን በዚያ አትመዝኑ።

ሦስት ልጆች፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። እንዴት ይሆናል?

በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ነው የምይዘው። ከመካከለኛው ጋር ሒሳብ ስሠራ ታላቋ የራሷን ታነባለች። ትንሹ ምንጣፍ ላይ የፊደል ገበታውን ይዞ ይቀመጣል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ እንቀያየራለን። ታላቋ ጥያቄ ካላት አትጠራኝም። በቁራጭ ወረቀት ጽፋ አጠገቤ ታስቀምጣለች፣ ተራዋ ሲደርስ አያለሁ። ከጻፈቻቸው ብዙዎቹን እስከዚያ ራሷ ፈትታቸው አገኛለሁ።

አብሮ የሚሆነውን ደግሞ አብረን እናደርጋለን። አካባቢ ሳይንስ የሁላችንም ነው። ስለ ውሃ ካወራን ታላቋ አንድ ገጽ ትጽፋለች፣ መካከለኛው ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ትንሹ ይስላል። ተረት ስናነብም እንደዚያው።

ታላቋ ትንሹን ታስነብባለች። "ልጅቷን አስተማሪ አደረግሻት" የሚሉኝ አሉ። በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ለሱ ስታስረዳ የራሷም ይጠራል። ከዚያ በላይ ግን አልፈቅድም። ታላቅ ልጅን ሁለተኛ እናት ማድረግ ልጅነቷን መውሰድ ነው፣ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ።

ፊደል ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወላጅ እዚህ ይሸወዳል። ልጁ "ሀ ሁ ሂ" እያለ በዜማ ሲወርደው ፊደል የለየ ይመስላል። ጣታችሁን ዝም ብላችሁ "ኮ" ላይ አድርጉና "ይሄ ማነው?" በሉት። ከ"ከ" ጀምሮ በዜማ ካልሄደ የማያገኘው ከሆነ የሸመደደው ዜማውን ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ያን ሁሉ በአንዴ መለየት ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደለም። የኔታዎች ይህን ድሮ ያውቁታል። ለዚህ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት። "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" ሲባል እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ከሌላ ድምፅ ይመጣል። በዜማ መሸሽ የለም፣ ልጁ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። እኛ ቤት ትንሹ አሁን እዚያ ላይ ነው። ቀን በቀን አንድ መስመር ብቻ።

ቤት እንደምትውሉ ሰው ሲያውቅ እንግዳና ጎረቤት አይበዛም?

ይበዛል። "ቤት ነሽ አይደል?" ከሚለው ቃል የከበደ የለም። ቤት ያለ ሰው ሥራ የለውም ተብሎ ይታሰባል። አንዷ ስኳር ልትበደር ትገባለች፣ አንዷ ልጇን ለአንድ አፍታ ትተውልኛለች፣ ሦስተኛዋ ቡና አፍልታ ትጠራኛለች። ይህን ሁሉ ማጣት አልፈልግም። ጎረቤት ለልጆቼም ለእኔም ዘመድ ነው።

ያደረግኩት ቡናውን ወደ 9 ሰዓት መውሰድ ነው። ጠዋት የሚያፈሉትን ጎረቤቶቼን በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። "ልጆቹ እስከ 5 ሰዓት ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን አቦሉ እኔ ቤት ነው" አልኳቸው። ማንም አልተቀየመም። ሰው የሚቀየመው ሳይነገረው ሲቀር ነው። በር ላይ "ትምህርት ላይ ነን" ብሎ መለጠፍን ግን አልመክርም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ወረቀት በር ከመዝጋት ይብሳል።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲሆን ደብተሩ ይዘጋል። ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም። ልጆቹ እጅ ያስታጥባሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይሰማሉ። አንዴ የባለቤቴ አጎት ከይርጋለም መጥተው ታላቋ "ጋሼ፣ ቡና ታጠበ የሚባለው በሳሙና ነው?" አለቻቸው። ሳቁና ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ እንደሚፈለፈል፣ ገንዳ ውስጥ ውሃ ላይ አድሮ ሙጫው እንደሚለቅ፣ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንደሚሰጣ፣ ፀሐዩ ሲበረታ እንደሚሸፈን። ማታ ሁለት ገጽ ጻፈች። እኔ ከመጽሐፍ ላስተምራት ብል ሁለት መስመር አይወጣትም ነበር።

ለቅሶ ሲሆን ጥያቄም የለው፣ ይኬዳል። ታላቋን ይዣት እሄዳለሁ። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እንደሚባል ማወቅ አለባት።

የቤቱ ሥራስ? እንጀራ፣ ወጥ፣ ልብስ አጠባ?

ወጥ ማታ ይሠራል፣ ለምሳ ይሞቃል። ልብስ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ለሁሉም ተከፋፍሏል። ታላቋ ሽንኩርት ትልጣለች፣ መካከለኛው ዕቃ ያጥባል፣ ትንሹ ጫማ ይደረድራል። ወንድ ልጅ ዕቃ ሲያጥብ ያየች አንዲት ጎረቤቴ "ኧረ ተይው" ብላኝ ነበር። አልተውኩትም።

እንጀራ የምጋግርበት ቀን ትምህርት አይዘጋም፣ ቦታ ይቀየራል። ጠረጴዛው ማድ ቤት በር ላይ ይወጣል። ሊጡ ከተቦካ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አብሲቱ ተጥሎ ኩፍ ብሏል። መካከለኛው ክዳኑን ከፍቶ ሁሌም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ "ለምን ይጮሃል?" እውነቱን ነው፣ ጆሮ ለሰጠው ሊጡ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን እንዳሉ፣ ዱቄቱን እየበሉ ጋዝ እንደሚያወጡ፣ ጋዙ ምጣዱ ላይ በሙቀት ሲወጣ የእንጀራው ዓይን እንደሚሆን ነገርኩት። ከዚያ ሰዓት ሰጠሁት። "አንዱ እንጀራ ስንት ደቂቃ ፈጀ?" ሦስት። "ሃያውስ?" በጣቱ፣ ከዚያ በደብተሩ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ "አንድ ሰዓት!" አለ። ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ። ምጣዱ እየቀዘቀዘ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ "እማዬ፣ መብራት የሄደበትንም እንቁጠረው?" አለኝ። ያን ቀን መብራቱ የሄደበትን ለብቻ፣ የተጋገረበትን ለብቻ ጽፎ ደመረ። ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላየሁም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅ ካለችና ትምህርቷን አቋርጣ ከሆነ፣ እባካችሁ እሷንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧት። ልጆቻችሁ በሚማሩበት ቤት ውስጥ ማንበብ የማትችል ልጅ ወጥ ስታማስል ማየት የለባቸውም። ማታ ትምህርት ቤት መመዝገብ ከቻለች ደግሞ ሰዓቱን አመቻቹላት።

አባት ምን ይሠራል?

ዓርብ ማታ የሱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የሳምንቱን አንድ ነገር ለአባቱ ያስረዳል። እሱ አያርምም፣ ይጠይቃል። ከዚያ ደብተሮቹን አይቶ ይፈርማል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ይዟቸው ይወጣል፣ እኔም ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ። "ባሌ ሥራ ስለሚውል ሁሉም እኔ ላይ ነው" የምትሉ እናቶች፣ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ስጡት። "አግዘኝ" ከምትሉት "ዓርብ ማታ ያንተ ነው" ማለት ይሻላል።

አያቶችና ዘመድ ምን ይላሉ?

አማቴ መጀመሪያ ሲሰሙ ደነገጡ። "ልጄ፣ እነዚህን ልጆች ከሰው በታች እንዳታደርጊብኝ" አሉኝ። ከልባቸው ነው የፈሩት፤ እሳቸው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የላኩት ጉልት ቸርችረው ነው። አልተከራከርኩም። "እማማ፣ ዓርብ ማታ ይምጡና ይስሙልን" አልኳቸው። መጡ። መካከለኛው ከመዝሙረ ዳዊት አነበበላቸው። እሱ ሲያነብ የሳቸውም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ በቃላቸው ያውቁታል። አንድ ቃል ሲዘል "ተመለስ ልጄ፣ ዘለልክ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ አይቀሩም።

ሌላውን ዘመድ ሁሉ ለማሳመን አትድከሙ። "ድሮ የሌለ ነገር" ለሚላችሁ ግን አንድ መልስ አለ። ልጅ የሚማረው ግቢና ደወል ባለው ሕንፃ ብቻ ነው የሚለው ነገር እኛ አገር ዕድሜው አጭር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ በብዛት የሚማረው የኔታ እግር ሥር ወይም ቁርአን ቤት ነበር።

ከእኩዮቻቸው አይርቁም?

ብዙ የምጨነቅበት ነገር ስለሆነ በደንብ ልመልሰው። ቤት የሚማር ልጅ ጓደኛ በራሱ አይመጣለትም። ወላጁ ሆን ብሎ ማመቻቸት አለበት። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ልጁን ከትምህርት ቤት ባታስወጡት እመርጣለሁ።

እኛን የረዳን የሰፈሩ ልጆች በፈረቃ መማራቸው ነው። የጠዋት ፈረቃዎቹ ምሳ በልተው ሲወጡ የእኔዎቹም ጨርሰዋል። ኳሱ ሜዳ ላይ ማን የት እንደሚማር የሚጠይቅ የለም። የሐዋሳ መንገድ ሜዳማ ስለሆነ ብስክሌት ሁሉም ልጅ ይነዳል፣ ታላቋ ብስክሌቷን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ትጋራለች። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ቋንቋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጆቼ ሲዳምኛ የሚናገሩት ከጎረቤት ልጆች ለምደው ነው። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ታላቋ ከጓደኛዋ መጽሐፍ ማንበብም ጀምራለች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ከሰፈር ልጆች ጋር "አይዴ ጨምበላላ" እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ከእንሰት የሚሠራውን በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ይበላሉ። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌም ወስደናቸው ሽማግሌዎቹን አይተዋል። በዓሉ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው እንደሚወስኑት ስነግራቸው መካከለኛው ለብዙ ማታ ውጪ ካልተኛሁ አለ። ስለ ሰማይ የተማርነው ሁሉ ከዚያ ማታ የተነሳ ነው።

ከቤት ወጥታችሁስ ምን ትማራላችሁ?

ሐይቁ አጠገባችን ሆኖ ሌላ ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል በጠዋት መሄድ ነው፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ከነሱ ይሸሹ ነበር፣ ቁመታቸው የትንሹን ልጄን ያህላል። አሁን ቁጭ ብለው ይስሏቸዋል። ጭንቅላታቸው ለምን ላባ እንደሌለው ታላቋ ጠይቃ፣ ጥንብ ውስጥ የሚገባ ራስ ላባ ቢኖረው ደም እንደሚይዝ አንድ ላይ ደረስንበት።

ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች እጅ ያስደንቃል። ቆሮሶውን ቅርፊቱን ገፍፈው፣ በጀርባው በኩል ቢላዋ አስገብተው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ በሁለት ጭረት ይለያሉ። አንዱን ልጅ "ቀስ ብለህ አሳየን" ብለነው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን፣ የአየር ከረጢቱን፣ ልቡን አውጥቶ ቅጠል ላይ ደርድሮ አሳየን። ልቡ ገና ይመታ ነበር። መካከለኛው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አየ። አምባዛውን ደግሞ ሲነኩት ቅርፊት የለውም፣ ያዳልጣል፣ ጢም አለው። "ለምን ይሄኛው ጢም አስፈለገው?" ታችኛው ጭቃ ውስጥ ምግቡን የሚፈልገው በጢሙ እየዳሰሰ ነው። ያንን ከማንበብ በፊት በጣታቸው ነክተውታል።

ከዚያ ሒሳብ አለ። ዓሣውን ከነ አጥንቱ መዝነን፣ ተጸድቶ መዝነን፣ ምን ያህሉ እንደተጣለ ታላቋ በመቶኛ ታወጣለች። ወደ ቤት ስንመለስ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች አሉ፣ ትንሹ ከነሱ አይለይም። ሌላ ቀን ታቦር ተራራ እንወጣለን። ከላይ ሆኖ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ስለሚታይ ካርታ ለማስተማር ከዚያ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ልጆቹ ያዩትን ይስላሉ፣ ሰሜን የቱ እንደሆነ በፀሐይ ይፈልጋሉ፣ ቤታችን የት ጋ እንደሚሆን ይከራከራሉ።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ትምህርቱ አይቋረጥም?

አይቋረጥም፣ ምክንያቱም በነሱ ላይ አልሠራነውም። ዋናው ነገር ወረቀትና እርሳስ ነው። ልጆቹ ስልክ ከምሳ በፊት አይነኩም። ለአንድ ነገር ቪዲዮ ካስፈለገ ማታ አውርጄ አሳድረዋለሁ። ልጅ "ለትምህርት ነው" ብሎ ስልክ ከያዘ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ቲክቶክ ውስጥ ነው።

ወጪው እንዴት ነው?

ከግል ትምህርት ቤት ክፍያ ያንሳል፣ ግን ነፃ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በዲጂታል ስላወጣ መጽሐፉ ይገኛል። ሁሉን ማሳተም ግን ኪስ ይጎዳል። የሒሳቡን ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙና አስጠርዙት፣ ሌላውን ወላጁ ከስልክ ያነባል። ተረትና የልጆች መጽሐፍ ያገለገለ ይገዛል፣ ይዋሳል። እንግሊዝኛ ላይ እኔ ጎበዝ ስላልሆንኩ በሳምንት ሁለቴ አስጠኚ ይመጣል። ትልቁ ወጪያችን እሱ ነው፣ ይገባዋልም። ትልቁ የማይታይ ወጪ ግን የእኔ ጠዋት ነው። ልብስ ስፌቱን የምሠራው ከሰዓትና ማታ ብቻ ስለሆነ ትዕዛዝ እቀንሳለሁ። ቤተሰቡ በሁለት ሙሉ ደመወዝ የሚኖር ከሆነ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

እናትየው መቼ ታርፋለች?

ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል። ትንሹ ይተኛል፣ ሌሎቹ መጽሐፍ ይዘው በየአልጋቸው። ማንም "እማዬ" አይልም። ይህ ሰዓት ባይኖር ኖሮ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ባልቀጠልኩ። ደብተር ማታ አላርምም፣ ልጁ አጠገቤ እያለ ነው የማርመው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራስን ልጅ ማስተማር ቁጣ ያመጣል። የሰው ልጅ ሲሳሳት የምንታገሰውን በራሳችን ልጅ አንታገስም። ድምፄ ከፍ ሲል ደብተሩ ይዘጋል፣ ሁላችንም ውሃ ልናጠጣ አትክልት ጋ እንወጣለን። ከተመለስን ያው ሒሳብ ነው፣ ግን ይፈታል።

ክረምት ትዘጋላችሁ?

ሒሳብና እንግሊዝኛ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል። ንባብ አይዘጋም። ዝናቡ ሲይዘን ሌላ ምን ይደረጋል?

ፈተናና ካርድስ? መንግሥት ምን ይላል?

ልጁን ከማስወጣታችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ ያለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። በስልክ ሳይሆን በአካል። ልጁ ሲመለስ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ፣ የምደባ ፈተና እንዳለ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ከነበረበት ትምህርት ቤት መልቀቂያውንና ካርዱን ሳትይዙ አትውጡ፣ ኋላ ስትፈልጉት ብዙ ያመላልሳል።

6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፣ 12ኛ ላይ ብሔራዊ። ፈተና የሚቀመጠው የተመዘገበ ተማሪ ነው። ስለዚህ እኛ የወሰንነው ታላቋ በሚመጣው መስከረም ለ6ኛ ክፍል ትምህርት ቤት እንድትገባ ነው። ቤት ማስተማር የዕድሜ ልክ ውሳኔ መሆን የለበትም። ለጥቂት ዓመት መሠረቱን አጥብቆ መመለስም ይቻላል። የእያንዳንዱን ወር ሥራ በቀንና በትምህርት ዓይነት ለይታችሁ በአንድ ክላሰር አስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ "ምን ተማረች?" ሲል የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት አያልፋቸውም?

ሊያልፋቸው ይችላል፣ ስለዚህ እናንተ ተከታተሉ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በዋናነት በትምህርት ቤቶች በኩል ነበር። ቤት የምትማር ልጅ ያላችሁ የሰፈራችሁን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ታውቃለች፣ ቤታችሁ ስትመጣ ንገሯት።

ልጁ ራሱ "ትምህርት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ" ቢልስ?

ስሙት። መጀመሪያ ምኑን እንደፈለገው ጠይቁ። አንዳንዴ ዩኒፎርሙን ነው፣ አንዳንዴ አንድ ጓደኛውን፣ አንዳንዴ እረፍት ላይ የሚሸጠውን ሳምቡሳ። መካከለኛው አንድ ሰሞን እንደዚያ ብሎ ነበር፣ ሲጠየቅ የፈለገው ሰልፍ ላይ መዝሙር መዘመር ነው። ሰኞ ጠዋት ከጎረቤት ልጆች ጋር ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄዶ ሰምቶ ይመለስ ጀመር፣ በዚያ ረካ።

ከሳምንታት በኋላም ያንኑ የሚል ከሆነ ግን ይሂድ። ከ"እኛ የመረጥነው" የሱ ልብ ይበልጣል። ሲሄድ ግን በዓመቱ መሃል አታስገቡት፣ ሌሎቹ ጓደኛ ይዘው ጨርሰዋል። ምዝገባው ክረምት ላይ ስለሚሆን ሰኔ ላይ ወስኑ። ክላሰሩን፣ የድሮ ካርዱን፣ መልቀቂያውንና የልደት ሰርተፍኬቱን በአንድ ፖስታ አድርጉ። ነሐሴ ውስጥ ከዚያው ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ፈልጋችሁ አስተዋውቋቸው። መስከረም ላይ ክፍል ሲገባ የሚያውቀው አንድ ፊት ይኑረው።